ሰማያዊው ጠርሙስ ከፒኜቶ እስከ ካስቴልኑቮ

መነሻ

በ2017 ዓ.ም. ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከምንኖርበት ከፒኜቶ ተነስቼ ከሮማ በስተሰሜን እስካለችው ትንሽ ከተማ፣ እስከ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ሄጄ የተመለስኩትን ነው የምጽፈው። ለሽርሽር አልሄድኩም። አንድ የመርዝ ጠርሙስ ጠበል ተሞልቶበት አንዲት በሽተኛ ሴት በማግስቱ ጠዋት ልትጠጣው ስለነበር፣ ከእጇ ላስጥል ነው የሄድኩት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። በዚያን ቀን ግን እኔን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

የተማርኩት የቄስ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ የማታ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል ብስት የሚያነብ ያርመው። ነገሩን ግን አልሳትኩም።

አዲስ አበባ ሳለሁ የምተዳደረው በጠርሙስ ነበር። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቆራሌዎች ከየሰፈሩ ለቅመው ያመጡልኛል፤ እኔ አጥቤ፣ በየመልኩ ለይቼ፣ ለማር ሻጭ፣ ለዘይት ቸርቻሪ፣ ለአረቄ አውጪ እሸጣለሁ። ልጄ መሰረት ወደዚህ ስታስመጣኝ ይረፍ ብላ ነው። እሷ ባዳንቴ ናት፤ የሰው አሮጊት ትጠብቃለች። የራሷ ሽማግሌ ብቻውን ይውላል። ብቻውን የሚውል ሰው ደግሞ ወይ ቴሌቪዥን ያያል፣ ወይ ይወጣል። እኔ ወጣሁ።

ሮማ ውስጥ ያረጁ ፋርማቺያዎች፣ መድኃኒት ቤቶች፣ አሉ። መደርደሪያቸው እንጨት ነው፤ ከላይ ከላይ ማንም የማይነካው የድሮ ጠርሙስ ተደርድሯል። ከነዚህ ውስጥ እኔን የያዙኝ የመርዝ ጠርሙሶቹ ናቸው። ቀለማቸው ደማቅ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ ቅርጻቸው ስድስት ማዕዘን፣ ጎናቸው ሸንተረር ሸንተረር። ድሮ መብራት በሌለበት ቤት ሰው መድኃኒት ብሎ ሲዳብስ፣ እጁ መርዝ መሆኑን እንዲያውቅ ነው እንዲህ የሠሯቸው። ምናለሽ ተራ ያን ሁሉ ዘመን ቆሜ እንዲህ ያለ ጠርሙስ እጄ አልገባም። እንግዲህ ያዘኝ፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ለማግኘት ግን መከራ ነው። ገብቼ «አሮጌ ጠርሙስ፣ ባዶ» ስላቸው «ሪቼታ አለህ?» ይሉኛል፤ የሐኪም ወረቀት ማለታቸው ነው። ለባዶ ጠርሙስ የሐኪም ወረቀት። አንዱማ ወንበር ላይ አስቀምጦ የደም ግፊቴን ለካልኝ።

ከወንዙ ማዶ፣ ረቡዕ

ከወንዙ ማዶ፣ የድንጋይ ንጣፉ እግር በሚያጣምም ጠባብ መንገድ ላይ፣ አንድ ፋርማቺያ ሊዘጋ ነው ሲሉ ሰምቼ ተመላልሼበታለሁ። ባለቤቷ ጠና ያለች ሴትዮ ናት፤ ሰው ሁሉ ዶቶሬሳ፣ ማለትም ዶክተር፣ ይላታል፣ እኔም እላታለሁ። ሱቁን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ረቡዕ ዕለት ስገባ ካርቶን ውስጥ ዕቃ እየከተተች ነበር።

«ዛሬም መጡ?» አለችኝ።

«ዛሬም አልሰጡኝም» አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፤ ከዚያ መሰላል ላይ ወጣችና ሰማያዊውን አወረደችው። ቁመቱ ከክንዴ ግማሽ ያንሳል። የመስታወት ክዳኑ አልተሰበረም። ሥሩ ላይ እንደ ጨው የደረቀ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ጓንት አድርጋ ነው የያዘችው።

«ሱብሊማቶ ነው» አለች። «ለቁስል ማጠቢያ፣ ለትኋን ማጥፊያ። ሰው ከጠጣው ይሞታል። ውሃ አያስገቡበት። ቤት ውስጥ አይጠቡት። እንዲያውም ልሰጥዎ አይገባም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ይሰጡኛል?»

«ነገ ደግመው እንዳይመጡ።»

ጣሊያንኛዬ ብዙ አይደለም፤ ይህ ግን ገባኝ። በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። በትራም፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ማንም እንዳይገፋኝ ክርኔን ዘርግቼ ቤት ገባሁ። በረንዳው ጥግ፣ ከመጥረጊያው ኋላ አስቀመጥኩት።

ማታ ለመሰረት ነገርኳት። «ይህን እንዳትነኪ፤ መርዝ ነው።»

«እሺ አባባ» አለች፣ ዓይኗን ከቴሌፎኗ ሳታነሳ። እውነቱን ለመናገር ስለ ሁሉም ጠርሙስ እንዲሁ ነው የምላት፤ ስለ ቀለም ብልቃጡም፣ ስለ ሽቶውም። እንዳትጥልብኝ ብዬ ነው።

ፒኜቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ቅዳሜ ሻዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። መጥረጊያው አለ። ፌስታሉ አለ። ጠርሙሱ የለም።

መሰረት ጋ ደወልኩ። ሥራ ቦታ ናት፤ አሮጊቷ ተኝታለች መሰለኝ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ሐሙስ እርስዎ ወጥተው ሳለ ሙሉነሽ መጥታ ነበር» አለች። ሐሙስ ከሰዓት የባዳንቴዎች ዕረፍት ነው፤ ጓደኛዋ ሙሉነሽ ሁልጊዜ ትመጣለች። «ለጠበል ጠርሙስ ቸግሮኛል አለችኝ፣ በረንዳ ላይ ምረጪ አልኳት። ስንት ጠርሙስ አለዎት አባባ፤ አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል?»

«የቱን መረጠች?»

«ቆንጆውን ነዋ።»

ስልኩን ዘግቼ ሙሉነሽ ጋ ደወልኩ። እሷ ጭራሽ ልታመሰግነኝ ተዘጋጅታ ነበር የጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ እንዴት ያለ ጠርሙስ ነው። የእመቤታችንን መጎናጸፊያ ነው የሚመስለው። ጠበልን የሚያህል ነገር በኮካ ፕላስቲክ መስጠት ሁልጊዜ ይከብደኛል። ደግሞ ሸንተረሩ ጥሩ ነው፣ እጅ ላይ አያዳልጥም።»

«ሙሉነሽ፣ ሸንተረሩ እንዳያዳልጥ አይደለም የተሠራው። መርዝ መሆኑን እጅሽ እንዲያውቅ ነው።»

«ታጥቧል እኮ።»

«በምን ታጠበ?»

«በውሃ ነዋ። አለቀለቅሁት። ሥሩ ላይ ያለው ነጩ ነገር አልለቅ ሲለኝ የመስታወቱ ነው ብዬ ተውኩት።»

በረንዳው ላይ ካለው ወንበር ቁጭ አልኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ጠርሙሱ ያለው እሷ ጋ እንኳ አይደለም፤ አርብ ዕለት በሰው እጅ ለየሺ ልካዋለች። የሺ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ሆዷን የሚያማት፣ ከሙሉነሽ ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትገናኝ ሴት ናት። ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ጠበሉን ጠጥተሻል?»

«ገና ነኝ ጋሼ። ከነገ እሁድ ጀምሮ ነው። ሰባት ቀን፣ በባዶ ሆድ።»

«ተመስገን። እንዳትነኪው። መርዝ የነበረበት ጠርሙስ ነው።»

«የነበረበት» አለች። «አሁን ያለበት ጠበል ነው።»

«ጠርሙሱ አልጸዳም ነው የምልሽ።»

«በስሙ የተባረከ ውሃ ላይ ክፉ ነገር አያድርም ጋሼ። ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። በሉ ደኅና ይዋሉ።» ብላ ዘጋችው። ደግሜ ብደውል አታነሳም። ሙሉነሽ ብትደውልም አታነሳም።

መሰረት ጋ ደግሜ ደውዬ «ፖሊስ ልጥራ?» አልኳት።

«ምን ብለው? ጠበል ልትጠጣ ነው ብለው?» አለችኝ።

ኮቴን ለበስኩ።

መንገድ

ከፒኜቶ በሜትሮ ሲ ሳን ጆቫኒ፣ እዚያ ወርዶ ወደ ሜትሮ ኤ መቀየር፣ ፍላሚኒዮ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ትንሹን ባቡር መያዝ ነው። ሳን ጆቫኒ ላይ ወደ ላይ የሚወስደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ቆሟል፤ በእግሬ ወጣሁ። ጉልበቴን ሰደብኩት። ቅዳሜ ስለሆነ ቱሪስቱ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በር ላይ ይቆማል፤ ይቅርታ ብትለው ፎቶ አንሳኝ ይልሃል።

ፍላሚኒዮ ትኬት መቁረጫው ማሽን ሳንቲሜን ዋጠና ዝም አለ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ለሰውዬው ነገርኩት።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለ ሰውዬው፣ «ማሽኑ ላይ ስልክ ቁጥር ተጽፏል፣ እዚያ ይደውሉ።»

«እርስዎ ማሽኑ አጠገብ ነዎት እኮ።»

«እኔ የመስኮቱ ነኝ።»

ሁለተኛ ከፈልኩ፤ ሦስት ዩሮ አይሞላም፣ ያናደደኝ ሳንቲሙ አይደለም። ሰሌዳው የመጀመሪያው ባቡር ተሰርዟል ይላል። ቀጣዩ ይዘገያል ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም። አጠገቤ አንድ ጣሊያን ሽማግሌ ጋዜጣ አጥፎ ተቀምጧል፤ ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ አይቶ «የሚቸኩል ሰው በዚህ ባቡር አይሄድም» አለኝ። «እርስዎስ?» ስለው «እኔ ባለቤቴ ቤት ስላለች አልቸኩልም» አለ።

ስጠብቅ ራበኝ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ፎርኖ፣ ከዳቦ ቤቱ፣ ፒሳ ቢያንካ ልገዛ ገባሁ፤ ዘይትና ጨው ብቻ የተቀባው ቂጣ ማለት ነው። ልጅቱ ወዲያው ሰንጥቃ ሞርታዴላ ልትጨምርበት ቢላዋ አነሳች። የአሳማ ነገር አልበላም ብያት ባዶውን ሰጠችኝ፤ እንዳዘነችልኝ ግን ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ሁለት ዩሮ። ትኩስ ነበር፤ በዚያ ቀን ያገኘሁት ደኅና ነገር እሱ ብቻ ነው።

ባቡሩ መጣ። መጀመሪያ ከመሬት በታች ይሄዳል፣ ከዚያ ወንዙ አጠገብ ብቅ ይላል። ሸንበቆ፣ የመኪና መሸጫ፣ የተቃጠለ ሶፋ፣ ደግሞ ሸንበቆ። ከዚያ ኮረብታው ይጀምራል፤ ቀይ ቀይ ድንጋይ፣ በላዩ ቤቶች፣ አልፎ አልፎ በጎች። አገሩ ያምር ነበር። እኔ ግን የማስበው ያ ነጭ ነገር ውሃ ውስጥ ከገባ ሁለት ቀን እንደሆነው ነው።

ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ

ጣቢያው ከታች፣ ከተማው ከላይ ነው። ዳገቱን አይቼ ልውጣ ወይስ ልመለስ ስል፣ አንድ የተገጫጨ ነጭ ፓንዳ መኪና ውስጥ ሆኖ አንድ ሽማግሌ ጥሩምባ ነፋ።

«ጠርሙስ ፍለጋ የመጡት እርስዎ ነዎት?» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«ሰው ፍለጋ ነው የመጣሁት። ጠርሙሱ እሷ ጋ ነው።»

ጆቫኒ ይባላል። የሺ የምትሠራው እሱ ቤት ነው። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ጣሊያን መካኒክ፣ እናቱ የመንዝ ሴት። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ሙሉነሽ ደውላ ጣቢያ ውጣ ብላዋለች።

«እኔ ለሚስቴ እንኳ ይህን ያህል መንገድ ሄጄ አላውቅም» አለ፣ ማርሹን እየገጨ።

«ለዚህ ይሆናላ ብቻዎን የቀሩት።»

«አይ፣ እሷ ሄዳ ነው ብቻዬን የቀረሁት። እግሯ ጥሩ ነበር።»

ዳገቱን ስንወጣ ስለ የሺ ነገረኝ። ባሕር ተሻግራ መጥታ መጀመሪያ ያረፈችው እዚሁ ከተማ በነበረው የስደተኞች መቀበያ ነው። መቀበያው ሲዘጋ ሌላው ሁሉ ተበተነ፤ እሷ እሱ ቤት ሥራ አግኝታ ቀረች። ሆዷን ካመማት ከረመ። ሐኪሙ ቱቦ አስገብቼ ልየው ብሎ ቀጠሮ ቢሰጣት አስቀረችው። አሁን ሁለተኛው ቀጠሮ ማክሰኞ ነው።

«ጠበሉን ልጨርስና ትላለች» አለ ጆቫኒ። «እኔ ካቶሊክ ነኝ። ምን ብዬ ልናገራት? ብናገር ሃይማኖቴን ነካ ትለኛለች። እርስዎ ይንገሯት።»

«ለዚህ ነው ጣቢያ የወጡት?»

«ታዲያ ለናፍቆት መስሎዎት ነው?»

የሺ በሩ ላይ ጠበቀችን። ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ቀሚሷ የሰፋት ቀጭን ሴት ናት። ስልኩን ባለማንሳቷ አፍራለች፤ ግን ይቅርታ አላለችም። መጀመሪያ ይብሉ አለች። እንቢ ብል ጠርሙሱን እንደማታሳየኝ ስለገባኝ በላሁ። ፓስታ በበርበሬ ነው፤ ጆቫኒ ሁለት ሳህን በላ። እሷ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀምሳ ሹካዋን አስቀመጠች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስክንጨርስ ጠበቀችን።

ከዚያ ጓዳ ገብታ በነጠላ የተጠቀለለውን ጠርሙስ አመጣች። ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ነጠላውን ስትገልጠው ሰማያዊው ብርሃን የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ተኛ። ቆንጆ ነው። ቆንጆ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጓንት ስጡኝ ብዬ የዕቃ ማጠቢያውን አጠለቅሁ። ጠርሙሱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሥሩን አየሁት። አዙሬ አየሁት። ያ ነጭ ቅርፊት የለም። መስታወቱ ወለል ብሎ ይታያል።

«የሺ፣ እዚህ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ነበር» አልኳት።

«ሙሉነሽ ነግራኛለች። ጠበሉ አስለቀቀው ማለት ነው።»

«ለቆ የት ሄደ?»

ነጠላውን ማጣጠፍ ጀመረች።

«ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ጨው ወጥ ውስጥ ሲገባ የት ይሄዳል?»

«እምነት ይጎድልዎታል ጋሼ።»

«እምነት አለኝ። የማላምነው ጠርሙሱን ነው።»

ተናደደች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ የምትናደደው ዝቅ አድርጋ ነው። «እርስዎ ጠርሙስዎን ሊወስዱ ነው የመጡት» አለች። «እሳቸው ቱቦ እንዲያስገቡብኝ ነው የሚፈልጉት። ዘመድ የለኝ፣ አጠገቤ የሚቆም የለኝ። ይህን ከደፋሁት ምን አለኝ?»

ጆቫኒ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጠርሙሴን መፈለጌ ሐሰት አይደለም። ግን ብስጭቴ ጨመረ፤ በባቡሩም፣ በማሽኑም፣ በመሰረትም፣ በሙሉነሽም፣ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ መጣብኝ።

በአገራችን ጠጅ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መርዝ የለበትም፣ እኔ ጠጥቼልሃለሁ ማለት ነው። ከልጅነታችን ያየነው ነው፤ ለየሺ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ጠርሙሱ የማን ነው?» አልኳት።

«የእርስዎ ነው አሉ።»

«እንግዲያው ቀጂው እኔ ነኝ።»

የግራ እጄን ጓንት አወለቅሁ። መዳፌን ጎድጎድ አደረግሁ። ክዳኑን ነቅዬ አዘነበልኩት፤ ውሃው መዳፌ ላይ ቀዝቀዝ አለኝ። ጆቫኒ «ማዶና፣ እመቤቴ» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ማስመሰሌ አልነበረም፤ ልጠጣ ነበር ብዬም አልምልም። እጄ ወደ አፌ መሄድ መጀመሩን ብቻ ነው የማውቀው።

የሺ አንጓዬን ይዛ ወደ ታች ጎተተችው። ውሃው የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ፈሰሰ።

«አይጠጡም» አለች።

«ለምን? ጠበል ነው አላልሽም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ሽማግሌ ነዎት።»

«አንቺ በሽተኛ ነሽ።»

አንጓዬን አልለቀቀችም። ሦስታችንም የፈሰሰውን ውሃ እያየን ቆምን። ከዚያ ለቀቀችኝና «በሳሙና ይታጠቡ፣ አሁኑኑ» አለችኝ። ቧንቧው ጋ አስቁማ፣ እንደ ሕፃን፣ ራሷ ነው ያጠበችኝ።

ጥዱ ሥር

ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ሦስታችንም ወደ ጓሮ ወጣን። የሺ በሁለት እጇ፣ ጓንት አድርጋ፣ ጠርሙሱን ይዛለች።

«በለሴ ሥር እንዳትደፉ» አለ ጆቫኒ። «በለሱን እበላዋለሁ።»

«ወይኑ ሥርስ?»

«ወይኑን ደግሞ እጠጣዋለሁ።»

በመጨረሻ ከአጥሩ ጥግ፣ ማንም የማይበላው አንድ ረጅም ጥድ ጋ ሄድን። የሺ አማተበች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ አፈሰሰችው። መሬቱ ወዲያው ጠጣው።

«ጥዱ ቢደርቅስ?» አልኩ።

«እኔን ከቀበረ በኋላ ይድረቅ» አለ ጆቫኒ።

የሺ ባዶውን ጠርሙስ ሰጠችኝ። ዓይኗ አልረጠበም። «ታዲያ ነገ ምን እጠጣለሁ?» ብቻ ነው ያለችው። የጠየቀችው እኔን ነው፤ ጆቫኒም እኔን አየኝ። ጫማዬ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በሣር ጠረግሁ።

መመለሻ

ስመለስ ጠርሙሱ በሦስት ፌስታል ታስሮ ጭኔ ላይ ነው። የጠዋቱ ባቡር ዘግይቶ፣ የማታው ደግሞ ሰው ሞልቶት መጣ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ዘናጭ ሴትዮ በፌስታሉ ቀዳዳ ሰማያዊውን አይታ «እንዴት ያምራል፤ ለአበባ ይሆነኛል፣ አይሸጡልኝም?» አለችኝ።

«ቬሌኖ» አልኳት፤ መርዝ ማለት ነው።

ሳቀች። አጠገቧ ላለው ሰውዬ ነገረችው፤ እሱም ሳቀ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቤት ስደርስ መሰረት ምግብ አሙቃ ጠበቀችኝ። ከሙሉነሽ ሁሉንም ሰምታለች። «መዳፍዎ ላይ አፈሰሱት አሉ» አለች።

«አልጠጣሁትም።»

«ልጠይቅዎ፣ እርስዎ ቢሞቱብኝ እኔ ምን እሆናለሁ?»

«ቆንጆውን ውሰጂ ስትያት ነበር ማሰብ» አልኳት። እሷ ደግሞ «ቀለሙንም መርዝ፣ ሽቶውንም መርዝ ሲሉኝ እኔ የቱን ልመን?» አለችኝ። ሁለታችንም እውነት ስለነበረን ክርክሩን ትተን ራታችንን በላን።

ጉዞው ምን አስተማረህ የሚለኝ ካለ፣ የመርዝ ጠርሙስ በረንዳ ላይ አይቀመጥም፤ ሰማያዊውን ሻንጣዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሌላም አለ። መርዝ ያልሆነውን ሁሉ መርዝ ነው ማለት ትቻለሁ፤ የቀለሙን ብልቃጥ ለመሰረት አበባ ማስቀመጫ ሰጠኋት። ጠርሙሱን የሠራው ሰው እጅ ያውቀዋል ብሎ ነው ሸንተረር ያወጣለት። እጅ ግን የሚያውቀው የለመደውን ነው። ለሙሉነሽ እጅ የማያዳልጥ ጥሩ ዕቃ ነበር። ይህን አስቤ ነው የተኛሁት፤ የሺ የጠየቀችኝም ነገር አብሮኝ ተኛ።

በነጋታው እሁድ ማልጄ ተነሳሁ። ቁርስ አልበላሁም። ከመሰረት የማዕድን ውሃ ፕላስቲክ አንድ ወስጄ አጠብኩት፤ የተለጠፈበትን ወረቀት ላጥኩ፣ ክዳኑን አሸተትኩት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምኩ፤ ከሴቶቹ ኋላ ተሰልፌ ጠበል አስቀዳሁ። ሙሉነሽ ፕላስቲኩን አየችና ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አየኋት፣ ዘጋችው።

ፍላሚኒዮ ስደርስ ደወልኩ። የሺ ወዲያው አነሳች።

«በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«እንዳትበዪ። ጠበል ይዤልሽ እየመጣሁ ነው። ማክሰኞ ግን ከጆቫኒ ጋር መኪና ውስጥ ትገቢያለሽ።»

«ጋሼ…»

«እሺ በይ፤ ያለዚያ ከዚሁ እመለሳለሁ።»

ከኋላዋ ጆቫኒ አንድ ነገር ሲል ሰማሁ።

«ስንት ሰዓት ይደርሳሉ?» አለች።

ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ባቡሩ ይዘገያል ይላል። ለምን እንደሆነ ዛሬም አይልም። «ባቡሩን ጠይቂው» አልኳትና ፕላስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።